ያልተጠየቀው ጥያቄ፦ ፀበል፣ ዕፅና የካንሰር ሕክምና በዌምብሊ

በእንግሊዝ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የሚጀምር ሰው ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «እኛ ካዘዝንልዎት ውጭ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» የሚለው ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ታማሚ ብዙ ጊዜ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ነርሷም ቅጹ ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። ሰውየው ግን በየማለዳው በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ይቀምሳል፤ እኅቱ ከአገር ቤት በሻንጣ ያመጣችለትን የደረቀ ቅጠል አፍልቶ ይጠጣል፤ በማቀዝቀዣው በር ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ፀበል አለው። «የለም» ሲል አልዋሸም። የተጠየቀውን መልሷል።

ችግሩ ያለው «መድኃኒት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ፋርማሲ ከሚሰጠው ክኒን ጀምሮ እስከ መድኃኔዓለም ድረስ የሚዘልቅ ሰፊ ቃል ነው፤ በዚያው አፍ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ደግሞ መርዝ ማለት ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚ በኩል ሲነገር ግን ጠብቦ ክኒን፣ መርፌና ሽሮፕ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጥቁር አዝሙድ ምግብ ነው። ጤና አዳም የቡና ማጣፈጫ ነው። ዳማ ከሴ ምች ሲመታ የሚታሽ የጓሮ ቅጠል ነው። ፀበል እምነት እንጂ መድኃኒት ነው ብሎ ለነርስ የሚያስመዘግብ ማን አለ? ከባህል ሐኪም የተገኘ ነገር ሲሆን ደግሞ ሌላ ማሠሪያ ይጨመርበታል። የዕፁ ስም ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል የሚለው የቆየ እምነት ታማሚውን አፉን ያስዘዋል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ የሚጠጣውን ስም አያውቀውም።

የበሽታው ስም ራሱ ሌላ እንቅፋት ነው። «ነቀርሳ» ካንሰርን ይጠራል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው። አስተርጓሚው በጥንቃቄ ካልለየው፣ የሳንባ ካንሰር እንደያዛቸው የተነገራቸው አዛውንት በስድስት ወር ክኒን የሚድን በሽታ ይዞኛል ብለው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ። በብዙ ቤት ደግሞ ስሙ ጨርሶ አይነሳም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይባልና ይታለፋል።

ይህን የምንጽፈው ፀበልን ወይም የባህል ዕፅን ለመክሰስ አይደለም። የምንሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ በዌምብሊና በአካባቢዋ ያሉ የካንሰር ክሊኒኮች ታማሚዎቻችንን በገዛ ቋንቋቸው፣ በዕፆቹ ስም፣ ያለ ነቀፋ መጠየቅ ይጀምሩ፤ የሃይማኖት አባቶቻችንም ታማሚው እውነቱን እንዲናገር ያግዙት። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከዝምታውና ዝምታው ከሚያስከትለው መዘግየት ነው።

ማስረጃው ይህንኑ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 የታተመና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ኬሞቴራፒ በሚወስዱ 195 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከአምስቱ አራቱ ገደማ ከሆስፒታሉ ሕክምና ጎን ለጎን ሌላ ነገር፣ በተለይም የባህል ዕፅ፣ እንደሚጠቀሙ አግኝቷል። ከጎንደር ተነሥቶ ለንደን የገባ ሰው ይህን ልማድ ኤርፖርት ላይ ጥሎት ይመጣል ብሎ መገመት የዋህነት ነው። ሌሎቹ ሁለት ጥናቶች የአሜሪካ ናቸው፤ ሁለቱንም ያካሄዱት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው በሽታቸው ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሠራጭ፣ መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ የተባለውን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ተከታተለ። የመሞት ዕድላቸው በመደበኛው ሕክምና ከታከሙት ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በጡት ካንሰር ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ። ሁለተኛው፣ በ2018 የወጣው፣ ይበልጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። ይህ ሁለቱንም አጣምረው የያዙትን ተመለከተ፤ የእነርሱም የመሞት ዕድል እጥፍ ነበር። ምክንያቱ ሲፈተሽ ግን ከእነዚህ ታማሚዎች 34 በመቶ ያህሉ ኬሞቴራፒን አልቀበልም ብለው ነበር፤ ከሌሎቹ እንዲህ ያሉት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህ እምቢታና መዘግየት በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። ሰዎቹን የጎዳቸው በጎን የያዙት ነገር ሳይሆን በእርሱ ተማምነው የተዉት ሕክምና ነበር ማለት ነው።

ይህን ማወቅ የጤና ባለሙያውንም እኛንም ከሁለት ስሕተት ያድናል። አንደኛው «ዕፅ ሁሉ መርዝ ነው» የሚለው የሐኪም ቁጣ ነው፤ ታማሚውን የበለጠ እንዲደብቅ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም። ሁለተኛው በእኛ ሰፈር የተለመደው «ከተፈጥሮ የመጣ ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የአንድ የአገራችን ቁጥቋጦ ታሪክ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለካንሰር የሚሆን ዕፅ ፍለጋ በዓለም ዙሪያ ናሙና ያሰበስብ ነበር። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት አንዱ በአማርኛ አጣጥ ከምንላቸው ቁጥቋጦዎች ወገን ነው። ሞሪስ ካፕቻን የተባሉ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው በ1972 ከዚህ ዕፅ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳትን በጣም በጥቂት መጠን ይገድል ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር። ለሰው ሲሰጥ ግን ጤነኛውንም ሕዋስ አብሮ አጠቃ፤ በከባድ ትውከትና ተቅማጥ፣ በነርቭ ጉዳት የተነሣ ሙከራው ተቋረጠ። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንን ንጥረ ነገር ለውጠው፣ የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚያገኝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር እስኪያጣብቁት ድረስ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ውጤቱ ካድሳይላ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው መድኃኒት ነው። በአሜሪካ በ2013 ተፈቀደ፤ በእንግሊዝም ብዙ የዋጋ ክርክር ከተደረገበት በኋላ በ2017 ኤን ኤች ኤስ በመደበኛነት እንዲሰጠው ተወሰነ። ዛሬ በዚህች አገር ሄር ቱ የተባለው ዓይነት የጡት ካንሰር ያለባት ሴት በደም ሥሯ የምትወስደው መድኃኒት ዘሩ ከኢትዮጵያ መሬት የተለቀመ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «ፈረንጅ ዕፃችንን ይንቃል» የሚለው ወቀሳ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በሌላ በኩል አጣጡን ቀቅሎ የሚጠጣ ሰው ካድሳይላን አልጠጣም። በመካከላቸው ያለው የመጠን ልኬት፣ የማጣራትና ወደ ዒላማው የማድረስ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ባልተሠራበት ሁኔታ ያው ንጥረ ነገር መርዝ ነበር። ለነገሩ አብዛኛው የኬሞቴራፒ መድኃኒት መርዝነቱ በልክ የተያዘ ነው። ቪንክሪስቲን ከአበባ ተክል፣ ታክሶል ከዛፍ ቅርፊት የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዕፅ ኃይል የለውም ማለታችን አይደለም። ኃይል ስላለው ነው የሚያሳስበን፤ ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል።

ከእነዚህ ግጭቶች አንዳንዶቹ በቁጥር የታወቁ ናቸው። በዚህ አገር በጤና ምግብ መደብሮች ለድብርት የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ዕፅ፣ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው አይሪኖቴካን በደም ውስጥ የሚፈጥረውን ንቁ ንጥረ ነገር በ42 በመቶ እንደሚቀንስ በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ታማሚው የኬሞውን ሥቃይ እየተቀበለ ጥቅሙን ያጣል ማለት ነው፤ ማንም ካልጠየቀው ደግሞ ምክንያቱ አይታወቅም። የነጭ ሽንኩርት ዕንክብል ደም የመርጋት አቅምን ሊቀንስ ስለሚችል ከቀዶ ሕክምና በፊት መቆም አለበት፤ ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ሌላ ነገር ነው። በዕንክብል የተከማቸ እርድ አልፎ አልፎ ጉበት እንደሚጎዳ ታውቋል። «ቫይታሚን ቢ 17» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው የአፕሪኮት ፍሬ ቫይታሚን አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ ሳያናይድ ያወጣል። በ1982 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ሙከራ 178 ታማሚዎች ንጥረ ነገሩን ወስደው ጥቅም አላገኙም፤ አንዳንዶቹ ወደ መመረዝ ተጠግተው ነበር። ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ በሐዲስ የተመሰገነ መሆኑን ሙስሊም ወገኖቻችን ያውቃሉ፤ በላቦራቶሪም ብዙ ተመርምሯል። በሰው ላይ ካንሰርን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። በምግብ መጠን መውሰድና የዘይቱን ዕንክብል በቀን ሦስት ጊዜ መዋጥ አንድ ስላልሆኑ፣ የዕንክብሉ ነገር ለፋርማሲስቱ ሊነገር ይገባል።

በኢሊንግ ሮድ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ሰው የሕንድ ቅመም፣ የአዩርቬዳ ዱቄትና ማር በየሱቁ ያገኛል፤ ወገኖቻችንም የሚያጡትን የአገር ቤት ነገር በሚቀርበው ተክተው ይገዛሉ። ነጋዴዎቹን አንወቅስም። በእንግሊዝ ሕግ በመደብር የሚሸጥ የተመዘገበ የባህል ዕፅ ቲ ኤች አር የሚል ምልክት በማሸጊያው ላይ አለው፤ ምልክቱ በጥራት መመረቱን እንጂ በሽታ ማዳኑን አይመሰክርም፤ እንዲያውም እንደ ካንሰር ላለ ከባድ በሽታ ምዝገባው አይሰጥም። ትልቁ አደጋ ያለው በስልካችን ነው። «ካንሰርን በሃያ አንድ ቀን» የሚል ዓይነት በአማርኛ የተነገረ ቪዲዮ በቲክቶክና በቴሌግራም ሲዞር፣ ሻጩ የሚቀበለው በባንክ ሐዋላ፣ ዕቃው የሚደርሰው በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ብሪታንያ ይህን የሚከለክል ሕግ ካወጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ የ1939ኙ የካንሰር አዋጅ ካንሰርን አክማለሁ ብሎ ለሕዝብ ማስታወቂያ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል። የማስከበሩ ሥልጣን የአካባቢ አስተዳደር ነው፤ በእኛ ሰፈር የብሬንትና የሃሮው ጥምር የንግድ ተቆጣጣሪ ክፍል። ነገር ግን አማርኛ የማያነብ መርማሪ በአማርኛ የተነገረን ማታለያ ከየት ያገኘዋል? ከሕዝቡ የሚመጣ አቤቱታ ከሌለ አዋጁ ለእኛ ወረቀት ብቻ ነው። የብሬንት አስተዳደር በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ጥቆማ የሚቀበልበትን መንገድ እንዲከፍት የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕክምና መፍራትን «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያልፍ ሰው ታሪኩን አያውቀውም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎጃም ወይም ከወለጋ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ ተራ ሲጠብቅ በሽታው የሚቀድመው ሰው ብዙ ነበር። እናቱን እንዲህ ያጣ ሰው ዌምብሊ ላይ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው ያ ወረፋ ነው። በዚያ ዘመን ፀበል ብዙ ጊዜ በእጅ ያለ ብቸኛ ነገር ነበር። አሁን ከዌምብሊ ፓርክ ጣቢያ በሜትሮፖሊታን ባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ነው፤ በዚያው መስመር ወደ ኖርዝዉድ ሲቀጠል ደግሞ የማውንት ቨርነን የካንሰር ማዕከል ይገኛል። ኤን ኤች ኤስም እንከን የለሽ አይደለም፦ ከአስቸኳይ ሪፈራል እስከ ሕክምና መጀመሪያ በ62 ቀን ውስጥ ይሁን የሚለው ግቡ ለዓመታት ሳይሟላ ቆይቷል፤ በጭንቀት የሚጠብቅ ሰው በዚያ መካከል ሌላ በር ቢያንኳኳ አይገርምም። ሂሳብ ይመጣብኛል የሚለው ፍርሃትም አለ። ስለዚህ በግልጽ መነገር ያለበት፦ ጂፒ ማየት ለማንም ነጻ ነው፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰውም በሆስፒታል በነጻ ይታከማል፤ በእንግሊዝ የካንሰር ታማሚ ከ2009 ጀምሮ የነጻ መድኃኒት የምስክር ወረቀት ከጂፒው ጠይቆ ማግኘት ይችላል።

ወደ ሃይማኖት አባቶች ስንመጣ አዲስ ነገር አንጠይቅም። ኤች አይ ቪ አገሪቱን ባስጨነቀበት ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እንጦጦ ፀበል ይወጡ ነበር። በ2005 ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀመር፣ ክኒን መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው የሚል ስብከት ብዙዎችን አስቁሟል። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ አስተማሩ። ከላይ የተነገረው ያ ቃል በክሊኒክ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሊያደርግ የማይችለውን አደረገ፤ ታማሚው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አልተባለም። ለካንሰር ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል በለንደን ዐውደ ምሕረት ላይ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ጉዳዩ በዝርዝር ሲታይ ደግሞ ካህኑና ነርሷ ሊነጋገሩበት የሚገባ ተግባራዊ ነገር ሞልቷል። ኬሞ የሚወስድ ሰው በክንዱ በኩል ወደ ትልቅ የደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ቱቦ የገባበት ቦታ ውኃ ሊነካው አይገባም፤ በእርጥበት በኩል የሚገባ ተሕዋስ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገኛል። ነጭ የደም ሕዋሱ በቀነሰበት ሳምንት ያልፈላ ውኃና ያልበሰለ ሥጋ ከባድ ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ከመጠመቅ ይልቅ ቱቦውን ሸፍኖ መረጨት፣ የሚጠጣውንም ስለ ንጽሕናው ከነርሷ ጋር መማከር ይቻላል፤ ይህን ለመወሰን ግን ካህኑ ስለ ቱቦው፣ ነርሷም ስለ ፀበሉ ማወቅ አለባቸው። ጾምም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታቀል፣ በእስልምናም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ታማሚ ግን ፈቃዱን ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ አፍ መስማት ይፈልጋል።

ከሆስፒታሎቹ የምንፈልገው ውድ ነገር አይደለም። የካንሰር ነርሶች ታማሚው ስለሚያስጨንቀው ነገር ሁሉ የሚወያዩበት የምዘና ቅጽ አስቀድሞ አላቸው። በዚያ ላይ «ሌላ መድኃኒት አለ?» ከማለት ይልቅ «ቤት ውስጥ ለጤናዎ ብለው የሚጠጡት፣ የሚቀቡት ወይም የሚቀምሱት ምንድን ነው? ፀበል ይጠመቃሉ? ከአገር ቤት የመጣ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሚጠይቀው ሰው መልሱን ሲሰማ ፊቱን ማኮማተር የለበትም። አስተርጓሚው ደግሞ የሆስፒታሉ ይሁን። በነጻ የማግኘት መብት እያለ ልጆቻችንን ማስተርጎም እጅግ ያሳዝናል፤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ለእናቷ «ተሠራጭቷል» የሚለውን ቃል እንድትነግር ማድረግ በማንም ላይ የማይገባ ሸክም ነው፤ ልጅ ፊት ስለ ባህል ሐኪም የሚናገር ወላጅም የለም።

ማውንት ቨርነን ውስጥ ያለው የሊንዳ ጃክሰን ማክሚላን ማዕከል ከ1993 ጀምሮ ለታማሚዎች ምክርና እንደ ማሳጅ ያሉ ደጋፊ ሕክምናዎችን ይሰጣል። አኩፓንክቸር በኬሞ የሚመጣ ማቅለሽለሽን፣ ማሳጅ ጭንቀትን፣ ቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ ደግሞ የማያባራውን ድካም ለማቃለል እንደሚረዱ ተመዝግቧል። ካንሰሩን አያድኑም፤ ማዕከሉም ያድናሉ አይልም። የሚያደርጉት ታማሚው ሕክምናውን እስከ መጨረሻው እንዲችለው መርዳት ነው። ከወገኖቻችን ስንቱ ይህ በር ክፍት መሆኑን ተነግሮታል? በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መረጃ በክሊኒኩ ቢቀመጥ፣ ለባህል ሐኪም በሐዋላ ከሚላከው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ በኪስ ይቀር ነበር።

ከሁሉ በፊት ሊሠራ የሚችለው የዕፅ ስሞች ዝርዝር ነው። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ፌጦ፣ ሽፈራው፣ እሬት፣ ኮሶ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚሉትን ስሞች ከሳይንሳዊ ስማቸውና ከቅጠላቸው ፎቶግራፍ ጋር አጣምሮ የያዘ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። ፋርማሲስት «ጤና አዳም» የሚለውን በድምፅ ቢሰማ የትም ሊፈልገው አይችልም፤ «ሩታ ቻሌፔንሲስ» መሆኑን ካወቀ ግን ቆዳን ለፀሐይ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር እንዳለው በደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል፤ ጨረር ለሚወስድ ሰው ቆዳው ላይ እንዳይቀባውም ይነግረዋል። በዚህች ከተማ የኢትዮጵያውያን ፋርማሲስቶች፣ ነርሶችና የዕፅዋት ባለሙያዎች እጥረት የለም። ዝርዝሩን በፈቃደኝነት ለማዘጋጀት የሚሹ ባለሙያዎች እንዲያነጋግሩን፣ የኖርዝዊክ ፓርክና የማውንት ቨርነን የካንሰር ፋርማሲ ክፍሎችም ረቂቁን ለመመርመር አንድ ሰው እንዲመድቡ በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን።